ገበያ ያልሆነ ግሩፕ፦ ነጋዴ ሴቶች በቴሌግራም እንዴት ይደጋገፋሉ?

ከቤትሽ ሆነሽ ባልትና፣ ኬክ፣ የሐበሻ ቀሚስ ወይም የፀጉር ቅባት እየሠራሽ የምትሸጪ ከሆነ ስልክሽ ላይ "ሴት ነጋዴዎች" የሚል ስም ያለው ግሩፕ አንድ ሁለት አይጠፋም። ከፍተሽ ስታዪው አንዷ ቀሚስ ለጥፋለች፤ ከሥሯ ሌላዋ ሽሮ፣ ቀጥሎ ሦስተኛዋ ሽቶ። የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ሁሉም ሻጭ በሆነበት ቦታ ገዢም ረዳትም አይገኝም፤ ጥቂት ቀን አይተሽ ድምፁን ታጠፊውና ትረሺዋለሽ።

አንቺ የምትፈልጊው ሌላ ነው። ማሸጊያ የት በርካሽ እንደሚገኝ የምትነግርሽ፣ ሞተረኛው ስልኩን ሲያጠፋብሽ ሌላ የምትጠቁምሽ፣ ትዕዛዝ ሲደራረብብሽ ግማሹን የምትረከብሽ፣ ክፍለ ከተማ ከመሄድሽ በፊት የትኛውን ወረቀት መያዝ እንዳለብሽ የምታውቅ ሴት ያስፈልግሻል። እንዲህ ያሉ ሴቶችን በአንድ ግሩፕ ሰብስቦ ማቆየት ይቻላል። ግሩፑ ግን ከመጀመሪያው ከሽያጭ ቦታ ተለይቶ መከፈት አለበት።

መሣሪያው ቴሌግራም ቢሆን እመርጣለሁ። ነጋዴውም ደንበኛውም ያለው እዚያ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ስልክ ቁጥርሽን ሳታሳዪ አባል መሆን ያስችልሻል። በዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ ቁጥርሽን አባላቱ ሁሉ ያዩታል። ከስልክሽ ሌላ የሚያስፈልጉሽ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ እና የምታምኛቸው ሁለት ሴቶች።

1. የተሰበሰባችሁበትን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ

"ሴት ነጋዴዎች" የሚለው በጣም ሰፊ ነው። ሲሚንቶ የምታከፋፍል ሴትና ዳቦ ቆሎ የምትጠብስ ሴት ሁለቱም ነጋዴ ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት ግን የሚያሳስባቸው ነገር አይገናኝም። "በአዲስ አበባ ምግብ ነክ ነገር በቤታችን አዘጋጅተን በትዕዛዝ የምንሸጥ ሴቶች" ብትዪ ግን ማን እንደምትገባና ማን እንደማትገባ ወዲያው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ሥጋት ይነሳል፤ እውነተኛ ሥጋትም ነው። በርበሬ የምትሸጥ ሴት በርበሬ ከምትሸጥ ሌላ ሴት ጋር አንድ ቤት ገብታ ምሥጢሯን ታወራለች ወይ? ደንበኛዬን ብትወስድብኝስ? ለዚህ ነው ሙያው አንድ ዓይነት ሳይሆን ችግሩ አንድ ዓይነት እንዲሆን የምመክረው። በርበሬ፣ ቆሎ፣ ኬክ፣ እንጀራ፣ የለውዝ ቅቤ የሚያዘጋጁ ሴቶች ደንበኛ ብዙም አይሻሙም፤ ማሸጊያ፣ አድራሽ፣ የብቃት ማረጋገጫና የጥሬ ዕቃ ዋጋ ግን የሁሉም ራስ ምታት ነው። ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው ሁለት ሦስት ሴቶች ቢኖሩም ችግር የለውም፤ ብቻ "የማናወራው" የሚለውን አስቀድማችሁ ለዩ። የደንበኛ ስም ዝርዝርና የራስ ቅመም ልክ የማንም ጉዳይ አይደለም። የአቅራቢ አድራሻ ግን የጋራ ይሁን፤ እሱም ከተደበቀ ግሩፑ መኖሩ ትርጉም የለውም።

2. ሦስት ሆናችሁ ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ግሩፕ ይከፍቱና ስልካቸው ላይ ያለውን ሰው በሙሉ ይጨምራሉ። ሳይጠየቅ የገባ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ዝም ይላል፤ ዝም የሚለው ይብሳል፣ ምክንያቱም ዝምታው ለሌላው ይተላለፋል።

ከሁለት ሴቶች ጋር ጀምሪ። ሦስታችሁም አንድ ዓይነት ጠባይ ባይኖራችሁ ይመረጣል። አንዷ ገበያ የምታውቅ ትሁን፤ መርካቶ ምን አለ፣ ሾላ ምን ገባ የምትል። አንዷ ወረቀት የማይከብዳት፣ ግብር ቢሮም ባንክም ገብታ የምትጠይቅ። ሦስተኛዋ ሰው የሚያምናት፣ ጠብ ሲነሳ ቃሏ የሚሰማ። ለጥቂት ሳምንታት ሦስታችሁ ብቻ ጻፉ፣ ተጠያየቁ፣ መልስ ስጡ። አዲስ የምትገባ ሴት የምታነበው ባዶ ገጽ ሳይሆን ሥራ ላይ ያለ ቤት እንዲሆን ነው።

ከዚያ እያንዳንዳችሁ በሥራዋ የምታውቋትን አንድ ወይም ሁለት ሴት አምጡ። ከቲክቶክም ከፌስቡክም አባል ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ተከታይ ያላትን አትፈልጊ። ቪዲዮ ሥር ገብታ ለማታውቃት ሰው "እኔ ይህን እዚያ ሱቅ በዚህ ዋጋ አግኝቼዋለሁ" ብላ የጻፈችውን ፈልጊ። ያለ ጥቅም የምትመልስ ሴት ግሩፕ ውስጥም ትመልሳለች። በኢንቦክስ ራስሽን አስተዋውቂ፣ ግሩፑ ለምን እንደሆነ ንገሪያት፣ ከዚያ በድምፅ ተነጋገሩ። የድምፅ ጥሪው ሴት መስሎ የሚገባውን ወንድ ለመለየትም ይጠቅማል።

ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ይፈቅዳል። አንቺ ግን 30 አካባቢ ስትደርሺ ቁሚ። ከዚያ በላይ ሲሆን ማን ምን እንደምትሠራ ማስታወስ ያቅታል፤ የማትታወቅ ሴት ችግሯን ለመናገር ታፍራለች፣ የማታውቂያትን ለመርዳትም አትቸኩዪም።

3. በሩን ቆልፊ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፤ ሳትዘዪው ጨርሺው። አድሚኗ ስልኳ ከተጠለፈ የሁሉም ሴት ስምና ሥራ በሌባ እጅ ይገባል። ሌባው በእሷ ስም "እህቶች፣ ልጄ ታሞብኛል፣ እስከ ነገ 5,000 ብር" ብሎ ሲጽፍ የሚከፍል አይጠፋም።

መጀመሪያ የራስሽን ስልክ። በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ" የሚለውን ክፈቺ። "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" ላይ ሌላ ቦታ የማትጠቀሚበትን ፓስወርድ አስገቢ፤ ከዚህ በኋላ ኮድ ብቻ ይዞ አካውንትሽ ውስጥ የሚገባ የለም። "ፎን ነምበር" የሚለውን "ኖባዲ" ላይ አድርጊ። ማን ግሩፕ ውስጥ ሊጨምርሽ እንደሚችል የሚወስነውንም የምታውቂያቸው ሰዎች ላይ ወስኚ። ቴሌግራም የሚልክልሽን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጪ፤ እህትሽ ነኝ ብትልሽም፣ ከቴሌ ነው የምደውለው ቢልሽም።

ቀጥሎ ግሩፑን። ፕራይቬት ይሁን። የመጋበዣ ሊንኩ በአድሚን ፈቃድ ብቻ የሚያስገባ እንዲሆን አድርጊ፤ ሊንኩ የሚያበቃበት ቀንም ሊኖረው ይችላል። አድሚኖቹ ሦስታችሁም ሁኑ፣ ግን አዲስ አድሚን የመሾም ሥልጣን ለሁሉም አይሰጥ።

ለአባላቱ ሁሉ የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ የመታወቂያ ፎቶ፣ የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ የባንክ ደብተር ገጽ ግሩፕ ውስጥ አይለጠፍም። የቴሌግራም ግሩፕ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም፤ ያ የሚሠራው በሁለት ሰዎች መካከል በሚከፈት "ሲክሬት ቻት" ብቻ ነው። የደንበኛንም ስልክና የቤት አድራሻ ያለ ፈቃዷ ማዘዋወር ነውር ብቻ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው የሰው መረጃ እንዲህ እንደልብ እንዳይበተን ነው።

4. ሕጉ አጭር ይሁን፣ ቅጣት ይኑረው

የእድርን ጥንካሬ ልብ በዪ። ቀኑ የታወቀ ነው፣ መዋጮው የታወቀ ነው፣ የቀረ ይቀጣል፤ ስለዚህ ሰው ሲቸገር ማን እንደሚመጣ አይጠራጠርም። የቴሌግራም ግሩፕም ቢያንስ ይህን ያህል ሥርዓት ይፈልጋል። ሕጉን ጽፈሽ ከላይ ፒን አድርጊው። እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

"ዕቃ መለጠፍ ቅዳሜ ብቻ። ጥያቄ በማንኛውም ቀን። ሰላምታ፣ የበዓል ካርድና የተላለፈ ጽሑፍ አይላክም። እዚህ የተነገረ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ስክሪንሾት አውጥታ ለሌላ ሰው ያሳየች ትወጣለች። ገንዘብ ብድር በግሩፕ አይጠየቅም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አይጻፍም።"

የበዓል ካርዱ ጉዳይ ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አርባ የአበባ ፎቶ ሲገባ የአንዲቷ ሴት አስቸኳይ ጥያቄ ከሥር ይቀበራል፣ ዳታዋም ያልቃል። ቅዳሜ ብቻ ይለጠፍ የሚለው ሕግ በተለይ አይላላ። አንድ ማክሰኞ ካለፍሻት በሳምንቱ ገበያ ሆናችሁ ታገኚዋለሽ። ያለቀኑ የለጠፈችውን ሴት በግሩፕ ፊት አትገሥጪ፤ ጽሑፉን አጥፊና በኢንቦክስ "ውዴ፣ ቅዳሜ መልሰሽ ለጥፊው" በያት። በዕድሜ ከፍ ያሉ እናት ከሆኑ ደግሞ ደውዪላቸው፤ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሕጋችን ስለሆነ ነው" ማለት ምንም አያስከፍልም።

5. መጠየቅን አስለምዱ

ከሁሉም ደረጃ ይህ ይበልጣል። ግሩፕ የሚሞተው መልስ በመጥፋቱ ሳይሆን መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ በመጥፋቱ ነው። ይህን ተመልከቺ፦

"እህቶች እባካችሁ ማሸጊያ የሚያውቅ ተባበሩኝ 🙏"

ይህን ያነበበች ሴት ምን ትመልስ? የምን ማሸጊያ፣ ስንት፣ ለመቼ? ለማወቅ አምስት ጥያቄ መጠየቅ አለባት፤ እሷም ምግብ እያበሰለች ነው፣ ታልፈዋለች። አሁን ይህን እዪ፦

"ለሽሮ የሚሆን፣ ግማሽ ኪሎ የሚይዝ፣ ከታች የሚቆም ዚፕ ያለው ከረጢት እፈልጋለሁ። 200 ፍሬ ይበቃኛል። መርካቶ ሁለት ቦታ ጠይቄ ከ1,000 በታች አንሸጥም አሉኝ። እስከ ኀሙስ ብታደርሱልኝ ደስ ይለኛል።"

ሁለተኛዋ ምን እንደምትፈልግ፣ ስንት፣ ምን እንደሞከረች፣ እስከ መቼ እንደሆነ ተናግራለች። የሞከረችውን መናገሯ በተለይ ዋጋ አለው፤ ራሷ ደክማ እንደመጣች ስለሚያሳይ ሰው ለመርዳት ይነሳሳል፤ ያው መልስም አይደገምላትም። እነዚህን አራት ነገሮች ፒን ከተደረገው ሕግ ሥር ጻፊ፤ ጎደሎ ጥያቄ ሲመጣም አድሚኗ የጎደለውን ብቻ ትጠይቅ፦ "ስንት ፍሬ ነው የምትፈልጊው?" በሁለት ሦስት ሳምንት ሁሉም ይለምደዋል።

መጻፍ የሚከብዳት አባል ካለች በድምፅ ትላክ፤ ግን ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ፣ ከሥሩም አንዷ ፍሬ ነገሩን በአንድ መስመር ትጻፍላት። ድምፅ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም፣ ጽሑፍ ግን ይገኛል። ለዚሁ ሲባል ጥያቄ ሁሉ መለያ ይኑረው፦ #ማሸጊያ፣ #ሞተረኛ፣ #ግብር፣ #ጥሬዕቃ። ከስድስት ወር በኋላ የምትገባ ሴት #ግብር ብላ ስትፈልግ ያለፈው መልስ ሁሉ ይመጣላታል። መለያው ከአሥር አይብለጥ፤ ሲበዛ ማንም አያስታውሰውም።

ጥያቄ በአንድ ቀን ውስጥ ካልተመለሰ አድሚኗ ጉዳዩን ታውቃለች ብላ የምታስባትን ሴት በስሟ ትጥራ። "የምታውቁ ካላችሁ" ብሎ ለሁሉም መጣራት ለማንም አለመጣራት ነው። የጠየቀችው ሴት መልሱን ካገኘች በኋላም ምን እንደሆነ ተመልሳ ትናገር፦ "ቦታው ሄጄ ነበር፣ ዋጋው እንዳልሽው ነው፣ ጥራቱ ግን ሳሳ ይላል።" ይህ ካልተለመደ ግሩፑ ያረጀ አድራሻ ማከማቻ ይሆናል።

6. በጋራ ግዢ ተሳሰሩ

በወሬ ብቻ የተያያዘ ግሩፕ ቶሎ ይበተናል። ሴቶቹን የሚያስተሳስራቸው አንድ ላይ ገዝተው ልዩነቱን በኪሳቸው ሲያዩት ነው። ከላይ ያለችዋን ሴት እንውሰድ። 200 ከረጢት ፈልጋ ከ1,000 በታች አንሸጥም ተባለች። ግሩፑ ውስጥ 200 የምትፈልግ አምስት ሴት ከተገኘች ትዕዛዙ ሞላ ማለት ነው። የማረቆ በርበሬም አዲሱ ምርት ሲገባ በኪሎ ሳይሆን በጆንያ ሲነሳ ዋጋው ሌላ ነው።

አካሄዱ ይህ ነው። አንዷ የቴሌግራም ፖል ታውጣ፦ ዕቃው፣ የአንዱ ዋጋ፣ ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን። ስም የማይታይበት ፖል ይቅር፤ ማን ስንት እንዳለች መታወቅ አለበት። ናሙና ሳይታይ ገንዘብ አይሰበሰብ፤ ሁለት ሴቶች ሄደው በእጃቸው ይዘው፣ ፎቶ አንሥተው ይላኩ። ከዚያ ገንዘቡ በተባለው ቀን ይግባ፤ ያላስገባች ከዝርዝሩ ትወጣለች፣ ማንም አይሸፍንላትም። ገንዘብ የምትይዘውና ዕቃ የምትገዛው ሴት አንድ አትሁን። ይህ ስላልተማመናችሁ አይደለም፤ መጠራጠር እንዳይመጣ ነው። ደረሰኙ በዚያው ቀን ግሩፑ ላይ ይለጠፍ፤ የትራንስፖርቱም ጭምር ተጽፎ ይከፋፈል።

የመጀመሪያው ግዢ ትንሽ ይሁን። ቢበላሽ የማያቃቅር ገንዘብ ይሁን።

ክፍያ ሲነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በጋራ ግዢም በግል ሽያጭሽም ይሠራል። በቴሌብር ወይም በባንክ ላክሁ ብሎ የሚመጣ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። በስልክ ላይ በደቂቃ ተቀነባብሮ ይሠራል። የራስሽን ሂሳብ ከፍተሽ ገንዘቡ መግባቱን ሳታዪ፣ ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ቢያጣድፍሽም፣ ዕቃ አትልቀቂ። አጭር መልእክት መጣ ብለሽም አትዘናጊ፤ ከማን እንደመጣ እዪ። እንዲህ የተጭበረበረች አባል ስትኖር ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ ደረጃ በደረጃ ትጻፍ፤ ሌላዋ የምትድነው ዘዴውን ስታውቅ ነው። የሰውየውን ፎቶና ስም በአደባባይ መለጠፍ ግን ራሷን በስም ማጥፋት ሊያስጠይቃት ይችላል። እሱን ወደ ፖሊስ ትውሰደው።

7. ትዕዛዝ ተካፈሉ

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል ሰፊዋን የሚያስጨንቃት ቀኑ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ የመጣ ትዕዛዝ ጥር 10 ካልደረሰ ገንዘብም ደንበኛም ሄደ። ከአቅም በላይ የመጣን ሥራ "አልችልም" ብሎ ከመመለስ ለግሩፕ ጓደኛ ማካፈል ይሻላል፤ ሆኖም ቃል ሳይታሰር ከተደረገ ጓደኝነት ያፈርሳል። አራት ነገር አስቀድማችሁ ተጻጻፉ፦ ደንበኛዋ የማን ሆና ትቀጥላለች፣ ለሠሪዋ ስንት ይከፈላል፣ ጥራቱ በምን ናሙና ይለካል፣ ቢበላሽ ማን ይከፍላል። እኔ የምመክረው ደንበኛዋ ትዕዛዙን የተቀበለችው ሴት ሆና እንድትቀር ነው። ሠሪዋ ካርዷን ከዕቃው ጋር ብትከት በቀጣይ ዓመት ማንም ማንንም አይጠራም።

8. በሳምንት አንዴ በድምፅ ተገናኙ

በጽሑፍ የማይወጣ ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ ያለ ተቃውሞ፣ ኪሣራ፣ ልጅ ታሞ የተሰረዘ ትዕዛዝ። ግሩፑ ውስጥ ያለውን የድምፅ ስብሰባ ተጠቅማችሁ ለ45 ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ። ቀኑ አይቀያየር። እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ለብዙዎች ይመቻል፤ ልጆች ተኝተዋል፣ የሳምንቱ ሥራ ገና አልተጀመረም። ዋሽንግተን አካባቢ ሆና ባልትናችሁን የምትቀበል እህት ካለች ያ ሰዓት ለእሷ እዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ ስለሚያዞሩ በክረምታቸው የስምንት፣ በበጋቸው የሰባት ሰዓት ልዩነት እንዳለ ብቻ አትርሱ።

አንዷ ትምራ፣ መሪነቱም ይዙር። በየሳምንቱ አንዲት ሴት አሥር ደቂቃ ይሰጣት፦ ሥራዋን ታስረዳ፣ የተጣበቀችበትን ነገር ትናገር፣ የሌሎቹ ተራ ጥያቄና ሐሳብ ይሁን። እንግዳ ባለሙያ ልትጋብዙ ትችላላችሁ፤ የሂሳብ ባለሙያ ወይም ከባንክ የብድር ክፍል የመጣ ሰው። ሲጋበዝ ጥያቄዎቹ ቀድመው ይላኩለት፤ ካልሆነ ስለ ድርጅቱ አስተዋውቆ ይሄዳል። የስልጠና ሽያጭ ይዞ የሚመጣውን፣ በተለይ "በወር እንዲህ ታተርፋላችሁ፣ ሰው አምጡ" የሚለውን፣ በር ላይ መልሱት። እንዲህ ያለው ሰው የሚመርጠው የተማመነ የሴቶች ስብስብ ነው።

9. ክፉ ነገር ሲመጣ

ስለ ሥራ ነው ብሎ ኢንቦክስ ገብቶ የሚያስቸግር ሰው የማይገጥማት ነጋዴ ሴት ጥቂት ናት። ለአዲሶቹ አባላት ይህን ንገሪያቸው፦ አትመልሺለት፣ አታጥፊው። መጀመሪያ መልእክቱን ቀኑና የተጠቃሚ ስሙ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ፣ ከዚያ ብሎክ አድርጊ፣ ከዚያ ለአድሚን ንገሪ። ማስፈራራት ካለበት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን በወንጀል ይቀጣል። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድም ከግሩፑ አንዲት ሴት አብራት ትሂድ። ብቻዋን የሄደች ሴት ብዙ ጊዜ "ስልክሽን ቀይሪ" ተብላ ትመለሳለች።

አባላት እርስ በርስ ሲጋጩ ጉዳዩን ከግሩፑ አውጡት። ከሦስቱ አድሚኖች ያልተነካካችው ሁለቱን ለየብቻ ታነጋግር። ገንዘብ ካለበት የተጻፈው ይታይ፤ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ይሁን ማለቴ ለዚህ ቀን ነው።

10. ግሩፑ በአንቺ ላይ አይቁም

ወልደሽ፣ ታመሽ፣ ወይም ሥራው ሞልቶብሽ ለሁለት ወር ብትጠፊ ግሩፑ እንዲቀጥል አድርጊ። በየስድስት ወሩ ከአድሚኖቹ አንዷ ትውረድ፣ አዲስ ትተካ። አባላት 30 ሲያልፉ ግሩፑን ከማስፋት ሁለተኛ ክፈቱ፤ ከነባሮቹ ሦስት ሴቶች ይዘውት ይውጡ፣ የጋራ ግዢው ብቻ ከሁለቱም ይሰብሰብ። ለሦስት ወር ያልጻፈችውን አባል ከማስወገዳችሁ በፊት ደውሉላት፤ ስልኳ ተሰርቆ፣ ሥራዋ ተዘግቶ ወይም የምትጽፈው ጠፍቷት ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ነው ግሩፑ የሚያስፈልጋት።

የግሩፑን ባለቤትነት ለሌላ ማስተላለፍ ስትፈልጊ በአድሚኗ የፈቃዶች ዝርዝር ሥር "ትራንስፈር ኦውነርሺፕ" የሚለውን ታገኚያለሽ። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅድልሽ በሦስተኛው ደረጃ ያስገባሽው ፓስወርድ ካለሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከንግድ ፈቃድሽ ጋር አስቀምጪው።